የታጣፊው አልጋ ፈጣሪ

«ሰውየው የእኛ ነው። ከእሱ የወጣ ሁሉ የእኛ ነው» አለ ነገረ ፈጁ። ሰውየው የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከግድግዳው ወዲህ ተንበርክኬ የጸሐፊዋን መሳቢያ አስተካክላለሁ። ፎርማን ብሆንም በዚያ ፋብሪካ ውስጥ የተቀረቀረ መሳቢያ ከእኔ እጅ በቀር የሚታዘዝለት እጅ የለም። ግድግዳ ያልኩት ደግሞ ለአባባል ነው። እኔው ራሴ ያቆምኩት ኮምፔርሳቶ ነው፤ ያኔ ሥራ አስኪያጁ ምስጢር የሚይዝ ይሁን ሲለኝ፣ ከወዲያ መድፍ ቢተኮስ ከወዲህ የተኛ ሕፃን አይነቃም ብዬ ምዬለት ነበር። እንኳን መድፍ፣ ማዛጋት ይሰማል። እናም ሥራ አስኪያጁ «ግን አልጋውን የፈጠረው እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?» ሲል ሰማሁ። ነገረ ፈጁም ሰውየው ራሱ በአፉ መናገሩን፣ ያውም በምሳ ሰዓት፣ ያውም በሠራተኛው ሁሉ ፊት መናገሩን በለሆሳስ አስረዳው። «እህቱስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እህቱ መሥራቷን ታቆማለች» አለ ነገረ ፈጁ።

እኔ ፈሪ ሰው አይደለሁም። አንድ ጊዜ የመሰንጠቂያው ማሽን ምላጭ ተበጥሶ አዳራሹን እንደ እባብ ሲዞረው፣ ሌላው ሁሉ በመስኮት ሲዘል፣ እኔ ቆሜ ሻዬን ጨርሻለሁ። እንዲያውም ስኳር ጨምሬበታለሁ። «ታቆማለች» የምትለዋን ቃል ስሰማ ግን ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። ጸሐፊዋ «ምነው ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆኑ እኮ» አለችኝ፤ መሳቢያው ከባድ ነው አልኳት። መሳቢያው ባዶ ነበር።

እህቴ ታናሼ ናት። ባሏ ሞቶባት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር የተከራየቻት ክፍል፣ ሳላጋንን፣ የክብሪት ቀፎ ታክል ነበር። አልጋው ሲዘረጋ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ሲከፈት አልጋው አይዘረጋም፤ ልጆቹ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእናታቸው ላይ ተራምደው ነው። አባታችን አናጢ ነበር። መሮና መላጊያውን ለእኔ፣ ሰጋቱራ መጥረጉን ለእሷ አከፋፍሎን ነው ያሳደገን። እየጠረገች ዓይኗ ሥራ አልፈታም ነበርና፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከራሷ ጋር ስታወራ ከረመች፤ ሲበቃት ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ፣ ሲታጠፍ ደግሞ ሆዱ ጠረጴዛ የሚሆን አልጋ ሠራች። አንዲት ሚስማር የለበትም። ብልሃቱ ያለው እግሮቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው፤ ጉልበት ትለዋለች። ሁለት እንጨት በአንድ ችንካር ተያይዘው፣ ሰው ሲተኛበት ራሱን ይቆልፋል፤ ሲነሳ ሕፃን በአንድ እጁ ያጥፈዋል። ጎረቤት አየው፤ የጎረቤት ጎረቤት አየው፤ ጠባብ ክፍል የተከራየ የከተማው ሰው ሁሉ፣ ማለትም ከተማው በሙሉ፣ ይፈልገው ጀመር። እህቴ የቆርቆሮ ሼድ ተከራይታ ሦስት ሴቶች ቀጠረች።

ደንበኛው ግን ይገባና «አናጢው የታለ?» ይላል። «እኔ ነኝ» ስትል ይስቃል። የማይስቀው ደግሞ ሴት የገጠመችው አልጋ ሌሊት ይጥለኛል ብሎ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። አንድ ቀን ሰለቻትና «ወንድሜ ነው የሚሠራው፤ የትልቁ ፋብሪካ ፎርማን ነው» አለች። አልጋው በዋጋው ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሼዱ በር ላይ እቀመጥ ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ እንጨቱን በጣቴ መታ መታ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ይህን ሥራ ከእኔ አስበልጦ የሚሠራ ሰው ከዚህ እስከ ባሕር ማዶ አይገኝም። ጉልበቱ ውስጡ ምን እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ፎርማን ታናሽ እህቱን ይጠይቃል እንዴ? እሷም አልነገረችኝም። እስክጠይቃት ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ እስክትነግረኝ። እንዲሁ እንደተጠባበቅን ወራት አለፉ።

በእኛ ፋብሪካ በምሳ ሰዓት አንድ ጨዋታ አለ፤ የሌላውን ሥራ «የእኔ ነው» መባባል። አንዱ የሚኒስትሩን ወንበር የሠራሁት እኔ ነኝ ሲል፣ ሌላው ሚኒስትሩንም የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። ማንም አያምን፣ ማንም አይቀየም። ወሬው ወደ ታጣፊው አልጋ ሲመጣ እኔ ዝም ልል ነው? አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ አልጋውን በአንድ ሌሊት በአንድ እጄ እንደፈለሰፍኩት፣ በሌላው እጄ እራት እበላ እንደነበር ተረኩ። ሳቁ ጣራውን አነሳው። ነገረ ፈጁ ግን አዲስ ሰው ነው፤ ጨዋታውን አያውቅም። ጨዋታውን ወስዶ እንደ እውነት ያቀበለው ደግሞ ሁላችንም ሬዲዮ የምንለው ቀለም ቀቢ ነው፤ ሲናገር የሚያቆመው ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእኔ ኖሯል፤ ራሴም ተመልጧል።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ነገረ ፈጁ ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ከጠረጴዛው የማያልፍ። የሚጮህ ሰው አልፈራም፤ የሚጮህ ሰው ይደክመዋል። ይሄ ግን «እርስዎ» እያለ፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦኝ፣ ውኃ አስቀድቶልኝ፣ የሥራ ውሌን ከፊቴ ዘረጋው። ሠራተኛው በፋብሪካው የሥራ መስክ የሚፈጥረው ማንኛውም ነገር፣ በሥራ ሰዓትም ሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የአሠሪው ንብረት ይሆናል ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ፊርማዬ ደግሞ ግማሽ ገጽ ስለሚይዝ የእኔ አይደለም ማለት አይቻልም። ስቀጠር አንብቤው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራ ያገኘ ሰው ውል ያነባል ወይ ብዬ መለስኩለት።

«እሑድንም ይጨምራል?» አልኩት።

«እሑድንም።»

«በሕልሜ ያየሁት ከሆነስ?»

«ሕልሙ የቤት ዕቃ ከሆነ፣ አዎ» አለ፤ ፈገግ እንኳ አላለም።

ከዚያ ነገሩን እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አልጋውን እኔ ከፈጠርኩት የፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ፓተንት ያወጣበታል፣ እህቴም ያለ ፈቃድ አንድ እንኳ መሥራት አትችልም፤ የሠራችው ይወረሳል። እሷ ከፈጠረችው ግን ፋብሪካው አንዳች መብት የለውም፤ እሷ ለማንም ተቀጥራ አታውቅምና የእጇ ሥራ የራሷ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ማን ፈጠረው? አንድ የተዘጋጀ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ፈጣሪው እኔ መሆኔን የሚያረጋግጥ ቃል ነው። ከፈረምኩ ንብረቱ የፋብሪካው ቢሆንም በምስክር ወረቀቱ ላይ «ፈጣሪ» በሚለው ቦታ የእኔ ስም ይሰፍራል፤ የንድፍ ክፍል ኃላፊ እሆናለሁ። ልዋሽ አልችልም፤ ማለቴ እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለች። ስሜ በሕይወቴ ታትሞ የወጣው በውኃ ሂሳብ ላይ ብቻ ነው። ለምስክር ወረቀቱ ፍሬም የማደርግበትን እንጨት ሁሉ መርጬ ጨርሼ ነበር። ወዲያው የእህቴ ልጆች በእናታቸው ላይ ሲራመዱ ታዩኝ፤ እጄም ከብዕሩ ላይ ተነሳ።

የእሷ ነው አልኩ። ምሳ ቤት ያልኩት ጨዋታ ነው፤ በሩ ላይ የምቀመጠውም ለገበያ ነው፤ እኔ ያን አልጋ ገጥሜው እንኳ አላውቅም አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ እውነት ደርድሬ አላውቅም፤ አፌ ኮመጠጠኝ። ነገረ ፈጁ እስክጨርስ አዳመጠኝና፣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እንዲህ ነው የሚለው አለ። አዳራሽ ሙሉ ሠራተኛ ሰምቶዎታል፤ ደንበኞችም በየሳምንቱ አይተዎታል፤ እህትዎ ራሷ ወንድሜ ነው የሚሠራው እያለች ስትሸጥ ኖራለች፤ ታዲያ ፍርድ ቤት የዛሬውን ቃልዎን ነው ወይስ የስንት ወሩን የሚያምነው? እህቴን ሊበላት የመጣው ጅብ እኔና እሷ አብረን ያሳደግነው ነበር። ሥራ አስኪያጁ እስከዚያ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ቆይቶ ዞረ። አልጋውን ገዝተን አስመጥተናል አለ፤ ጉልበቱ ተፈትቶ መገጣጠሚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከምሳ በኋላ በሰው ፊት ትገጥመዋለህ። የሠራው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥመዋል፤ ያልሠራው አይችልም። ከቻልክ የእኛ ነው፤ ካቃተህ የእሷ ነው፤ እኔም ከዚህ ነገር እወጣለሁ። ነገረ ፈጁ በሐሳቡ የተደሰተ አይመስልም፤ ግን ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

ስወጣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ጉልበቱን አላውቀውም፤ ስለዚህ ያቅተኛል፤ ስለዚህ እህቴ ተረፈች። በሕይወቴ አንድ ነገር ባለማወቄ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዕድሉም ብዙ አልገጠመኝም። በምሳ ሰዓት ለእህቴ ደወልኩላት። ከበስተኋላዋ መጋዙ ይጮሃል፤ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃውን በሙሉ በእሷ አልጋ ሊሞላው እንደተነጋገሩ፣ ሰው መጨመር እንዳለባት፣ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ልታዘዋውር እንዳሰበች በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም ያልኩበት ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ ቆመው ነበር። ማሽኖች ሲቆሙ ያ አዳራሽ እንዴት እንደሚያስፈራ ያላየ አያውቀውም፤ ጣራው ከፍ ይላል፤ የሰው ሳል እንኳ ይጮሃል። ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ሬዲዮ ብሩሹን እንደያዘ ከፊት ቦታ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ እንጨቶችና ችንካሩ ተቀምጠዋል፤ እህቴ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ አለስልሳ፣ የሕፃን ጉንጭ አስመስላቸዋለች። አንዱን አነሳሁ። አውራ ጣቴ ውስጥ ውስጡን ሄደችና አንዲት ዘምበል ያለች ጠርዝ ላይ ቆመች። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። ጣቴ አወቀችው። የትኛው ምላስ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ፣ ለምን ወደ ታች ከመጫን በፊት ወደ ላይ ማንሳት እንደሚያስፈልግ፣ ክብደቱ ሲመጣ ችንካሩ ለምን እንደማይወጣ፣ ሁሉም እንደ መብራት ቦግ አለ። አባታችን ለእኔ ከሰጠው መሮ፣ ለእሷ ከሰጠው መጥረጊያ የወጣ ሥራ ነው፤ የአባቴን እጅ በእሷ እጅ ውስጥ አየሁት። እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ይህን ያሰበች ሴት ታናሼ መሆኗን እዚያው ቆሜ ለዓለም መጮህ አማረኝ። እጆቼ ግን እኔን ሳይጠይቁ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ግራዬ አነሳ፣ ቀኜ ወደ ውስጥ አዘመመ። አንድ ጣት ቢቀር ነው፤ ቀጥ ብሎ ሊገጥም ነው።

ቆምኩ። ነገረ ፈጁ ፊቴን አያይም ነበር፤ እጄን ነው የሚያየው።

አለመቻል ቀላል ይመስላችኋል። እንደ እኔ ላለ ሰው አለመቻል ካቴድራል ከመሥራት ይከብዳል። እንደ ጅል ብወላከፍ ያውቁብኛል፤ ስህተቱ የባለሙያ ስህተት መሆን አለበት። ስለዚህ በዕድሜዬ ሙሉ ጀማሪዎችን የሰደብኩባቸውን ጥፋቶች አንድ በአንድ ከራሴ ውስጥ ጠራሁ። ምላሱን ገልብጬ አስገባሁት። እምቢ ሲል ጎኑን በመዶሻ እጀታ መታሁት፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁትን ልጅ አንድ ቀን ከአዳራሽ አስወጥቼው ነበር። ችንካሩን በተሳሳተ በኩል ቸነከርኩት። ላቤ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል፤ ላቡ የውሸት አልነበረም። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ሳቁን ዋጠ። ሬዲዮ «መሐንዲሱ፣ በሌላው እጅህ እራት ብላበት እንጂ» አለ፤ አዳራሹ ተንጫጫ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ወደ ላይ አነሳ ባደርገው ሳቁ ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይደርቅ ነበር። ወደ ታች ጫንኩት፤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጫንኩት፤ ችንካሩ ጠሽ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሳቁ ቆመ። የአናጢ አዳራሽ ነው፤ ጥሩ እንጨት ሲሰበር ማንም አይስቅም።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀና ለሬዲዮ ከነገ ጀምሮ መገጣጠሚያውን አንተ ትይዛለህ አለው። እኔ ወደ ቫርኒሽ ክፍል እንድዛወር ታዘዘ። የፎርማን ካፖርቴን አውልቄ ወንበር ላይ አኖርኩ። ሰው ሲበተን ነገረ ፈጁ ቀረ። ከተሰበረው ችንካር ግማሹን አንስቶ በጣቱ ሲያገላብጠው ቆየና፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «መጀመሪያ ላይ እጅዎ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«እጄ ያውቃል የሚባለውን ሁሉ አያውቅም» አልኩት።

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ፋይሉን እንደሚዘጋው፣ የተዘጋ ፋይል ግን እንደሚከፈት፣ አዲስ ነገር ከተሰማ እንደሚጠራኝ ነገረኝና እንጨቱን ኪሱ ከቶ ሄደ።

እህቴ ሼድ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ የሬዲዮ ሚስት እህት ናት፤ እኔ ስገባ ስልኳን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና ወደ መላጊያዋ አጎነበሰች። ሌሎቹ ሁለቱም አላዩኝም፤ ሰው ሆን ብሎ እንደማያየው አይነት። ሰጋቱራው መሬቱን ሸፍኗል፤ አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል፤ የታጠፉ አልጋዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እህቴ ብሩሹን ከኮላው ጣሳ ውስጥ አላወጣችም። ነገረ ፈጁ ያለኝን፣ አንቀጹን፣ ፓተንቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ነገ በጠዋት ሄደሽ በራስሽ ስም አስመዝግቢ አልኳት። ከእንግዲህ ማን ሠራው ሲሉሽ እኔ ነኝ በይ፤ ቢስቁም በይ፤ ዋጋውን ቢቆርጡም በይ፤ እኔም እሑድ አልመጣም። ሰማችኝ። ስለ ሕጉ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ሰው ሁሉ እያየህ አቃተህ አሉ» አለች።

«አቃተኝ።»

«እውነት አቃተህ፣ ወንድም ጋሼ?»

መላጊያው ቆመ። የሬዲዮ ዘመድ አንገቷን አላነሳችም፤ ጆሮዋ ግን ከነሥሩ ወደ እኛ ዞሯል። ለእናንተ የነገርኳችሁን ለእሷ ብነግራት፣ ያን ጣቴ ያወቀችውን፣ ያን በገዛ እጄ ያጠፋሁትን፣ የዕድሜ ልኬን ትልቁን ሥራ፣ ከመምሸቱ በፊት ነገረ ፈጁ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር። እህቴ በዓይኖቿ ትለምነኛለች። አቃተኝ እንድላት ይሁን አውቄ ነው እንድላት ለይቼ አላውቅም። አላቃተኝም የሚል ወንድም ነበራት፤ ዕድሜዋን ሙሉ እሱን ሰምታ ነው ያደገችው።

«እውነት አቃተኝ እቱ» አልኳት።

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ሐዘን ይሁን እረፍት አላወቅኩትም። ብሩሹን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ዱካ ሳበችልኝና ቁጭ በል አለችኝ። ከመደርደሪያ ሁለት እንጨትና አንድ ችንካር አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረች። ከዚያ እጄን ያዘች፤ እኔ ፊደል ሳስቆጥራት እንደያዝኳት አይነት አያያዝ። «አየህ» አለች፤ «ሰው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚጫነው። መጀመሪያ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘምበል። እንዲህ። በጉልበት አይደለም፤ ራሱ ይሄዳል።» አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ ወሰደችው። ጣቴ ወዲያው ልትቀድማት ፈለገች፤ ያዝኳት። ሦስቱም ሴቶች አሁን ቀና ብለው ያዩን ነበር።

«ገባህ?» አለችኝ።

«አልገባኝም» አልኩ። «እስቲ ድገሚልኝ።»